በጥቁር ፌስታል የሚሸጠው ዕቃ

ቆቦ ከተማ ውስጥ ሞዴስ ልትገዛ የገባች ወጣት፣ ወንድ ደንበኛ ካለ እስኪወጣ ትጠብቃለች። ባለ ሱቁም ዕቃውን በጥቁር ፌስታል ከትቶ ይሰጣታል። «ሞዴስ» የሚለው ቃል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበ ምርት የንግድ ስም ነው። የነገሩን ስም መጥራት ስናፍር የነጋዴውን ስም ተውሰን ቀረን።

ይህን ዕቃ በአገራችን ለማምረት ቀድመው ከተነሡት ሴቶች አንዷ ወይዘሮ ፍረወይኒ መብራህቱ ናቸው። ትውልዳቸው ትግራይ ነው። የመጀመሪያው የወር አበባቸው ሲመጣ ምን እንደሆነ አስቀድሞ የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ በቁራጭ ጨርቅ ደብቀው አሳለፉት። በኋላ አሜሪካ ሄደው በቴክሳሱ ፕሬሪ ቪው ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ኬሚካል ምህንድስና ተማሩ። እዚያ ዕቃው በየመደብሩ በግልጽ ተደርድሮ ሲያዩ ያገራቸውን ሴቶች አሰቡ።

እ.ኤ.አ. በ2005 ታጥቦ ደግሞ ለሚያገለግል ሞዴስ የፈጠራ መብት አገኙ። በ2009 መቀሌ ላይ በሴት ልጃቸው ስም «ማርያም ሳባ» ያሉትን ፋብሪካ ከፈቱ። ምርቱ በደንብ ከተያዘ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል። በየወሩ መግዛት ለማትችል፣ ቆሻሻ የሚሰበስብ ማዘጋጃ ቤት ለሌለባት የገጠር ልጅ ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን የሚታጠብ ነገር ውሃ፣ ሳሙናና ፀሐይ ይፈልጋል። በእኛ በራያ ቆላ ፀሐይ ሞልቷል፤ ውሃው ግን በጀሪካን ተቀድቶ የሚመጣ ነው፤ የምትቀዳውም አብዛኛውን ጊዜ ያችው ልጅ ናት። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ኀፍረቱ ነው። ሰው እንዳያየው ፍራሽ ሥር የተደበቀ ጨርቅ በደንብ አይደርቅም፤ ሳይደርቅ ከተለበሰም ያሳክካል። በእኔ አስተያየት የወይዘሮ ፍረወይኒ ትልቁ ሥራ ከስፌቱ ይልቅ ይህን መረዳታቸው ነው። ዲግኒቲ ፔሪየድ ከተባለው ድርጅት ጋር በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ ሲያስተምሩ ወንዶቹንም አብረው አስቀመጡ። የሚስቀው ወንድሟ ካልተማረ ልጅቱ ሞዴሱን ገመድ ላይ አታሰጣውም።

(እኛም ብንሆን በማርቆስ 5 ስላለችው ደም ይፈስሳት ስለነበረች ሴት ስንሰብክ በእምነቷ ላይ እንቆያለን እንጂ ሕመሟን በስሙ ጠርተን በቶሎ እናልፋለን። ጌታ ግን በሕዝቡ ፊት እንድትናገር አደረጋት።)

እ.ኤ.አ. በ2019 ሲ ኤን ኤን ወይዘሮ ፍረወይኒን የዓመቱ ጀግና ብሎ ሸለማቸው፤ 100,000 ዶላርም ለሥራቸው ተሰጠ። በዓመቱ ጦርነቱ መጣ። ከቆቦ በአላማጣና በማይጨው አድርጎ መቀሌ የሚያደርሰው መንገድ ተዘጋ። ከዚሁ ከራያም ብዙ ሴቶች ቤታቸውን ጥለው ወጡ። በመጠለያ ተሰልፋ፣ ስንዴና ብርድ ልብስ ለሚመዘግብ ወንድ «ሞዴስም ያስፈልገኛል» ማለት ለአንዲት የቆቦ ልጅ ምን ያህል እንደሚከብድ እናንተ ታውቁታላችሁ።