የተረሳው ጭራ



ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወስደው አቅጣጫ ሮብ ገበያ አለች። በገበያ ቀን እዚያ የተገኘ ሰው ከሥጋ ሻጮቹ አናት ላይ የሚያንዣብበውን ጭላት ሳያይ አይመለስም። ጭላቱ ክንፉን ብዙም አያርገበግብም። ጭራውን ግን አስተውሉት። አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ያጣምመዋል፤ ሊወርድ ሲል እንደ ማራገቢያ ይዘረጋዋል፤ ከዚያ በሰው መካከል ሾልኮ ቁራጭ ሥጋ ሞጭልፎ ይነሣል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሙልክም ሆነ በሱረቱን ነሕል ከበላያችን የሚበሩትን ወፎች እንድናስተውል አሳስቦናል። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምናየው ክንፉን ብቻ ነው። ዛሬ ስለ ጭራው እንነጋገር።

ስለ አባስ ኢብን ፊርናስ ያልሰማ ሙስሊም ወጣት ጥቂት ነው። በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአንዳሉስ፣ በቁርጡባ ከተማ የኖረ የሥነ ፈለክ፣ የመስታወት ሥራና የግጥም ሰው ነበር። በ274 ዓመተ ሂጅራ (887 እ.ኤ.አ.) አርፏል። ገላውን በላባ ሸፍኖ፣ ክንፍ አበጅቶ፣ ከከፍታ ላይ ራሱን ወደ አየር እንደ ለቀቀና ጥቂት ርቀት እንደ በረረ ይተረካል። በጨረቃ ላይ የሚገኝ አንድ ጎድጓዳ ሥፍራ በስሙ ተጠርቷል፤ በቁርጡባም በ2011 እ.ኤ.አ. ድልድይ ተሰይሞለታል። በየመድረኩ ስሙን ስናነሣ ደስ ይለናል፤ ሊለንም ይገባል።

ነገር ግን የታሪኩን ሁለተኛ ክፍል ብዙ ጊዜ እንተወዋለን። ኢብን ፊርናስ ሲያርፍ ወድቆ ጀርባው ተጎድቷል። ታሪኩን በዝርዝር ያቆየልን በ1041 ዓመተ ሂጅራ (1632 እ.ኤ.አ.) ያረፉት ታሪክ ጸሐፊ አል-መቀሪ ናቸው። እሳቸው ምክንያቱንም አልደበቁም፤ ወፍ የሚያርፈው በጭራው እየታገዘ መሆኑን ኢብን ፊርናስ ልብ አላለም፤ ለራሱም ጭራ አላበጀም። ልብ በሉ፤ ጸሐፊው የወገናቸውን ሰው ጀብዱ ሲያወሱ ጉድለቱን አብረው አስቀመጡ። ይህ ክብሩን አልቀነሰውም። እንዲያውም ከኋላው ለሚመጣ ሰው ከሁሉ የሚጠቅመው ይኸው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር።

ይህን ዐረፍተ ነገር የሰማ ሰው ግን ጥቂት ነበር። በምሥራቁ ዓለም፣ በኒሻፑር፣ «አስ-ሲሐሕ» የተሰኘውን ታላቅ የዐረብኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጁት አል-ጀውሀሪ የእንጨት ክንፍ አስረው ከመስጊድ ጣራ ላይ በመዝለል እንደ ሞቱ ይነገራል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ፣ በአሥራ አንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ፣ ኤይልመር የሚባል መነኩሴ ከገዳሙ ማማ ላይ ክንፍ አስሮ ዘለለ። ሁለት መቶ ሜትር ያህል ከተንሳፈፈ በኋላ ወድቆ ሁለት እግሮቹ ተሰበሩ። ምን ያለ ይመስላችኋል? የወደቅሁት ከኋላዬ ጭራ ማድረግ ስለ ረሳሁ ነው ብሎ እንደ ነበር የአገሩ ጸሐፊ መዝግቦለታል። ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በቁርጡባ ጀርባ የተጎዳበት ስሕተት በእንግሊዝ እንደገና ሁለት እግር አስከፈለ። ያልተላለፈ ስሕተት እንዲህ ነው፤ ዕዳውን ሌላ ሰው ይከፍለዋል።

ጭራው ቦታውን ያገኘው ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው። በ1804 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ኬይሊ የሚስተካከል ጭራ ያለው ትንሽ ተንሸራታች አምሳያ ሠራ። የራይት ወንድማማቾች በ1902 ባዘጋጁት ተንሸራታች ላይ የማይንቀሳቀስ ጭራ ቢገጥሙ መሣሪያው እየተሽከረከረ ወደ መሬት ወረደ፤ ጭራውን የሚዞር መሪ ሲያደርጉት ታዘዘላቸው። በሞተር የበረሩት በዓመቱ በ1903 ነው።

ለመሆኑ ጭራ ይህን ያህል የሚከብደው ለምንድን ነው? የገበያ ሚዛን አስቡ። ዘንጉ በረዘመበት በኩል ትንሽ ክብደት ብዙ ያነሣል። የአውሮፕላን ጭራም ከክብደቱ ማዕከል ርቆ ስለሚቀመጥ፣ ስፋቱ አነስተኛ ሆኖ ሳለ አፍንጫውን ወደ ላይም ወደ ታችም ያዛል። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ርቀት ነው። ነፋስ ሲመታው፣ መሪው ሲዞር፣ በማረፍ ጊዜ የኋላው ጎማ መሬት ሲነካ፣ ጫናው በረጅሙ ገላ በኩል ያልፋል፤ ሊያጎብጠውና ሊጠመዝዘው ይታገላል። በቤቱ ትንሽ አውሮፕላን የሚሠራ ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ወፍራም ብረት መጨመር ነው። ይህ ግን ሌላ አደጋ ይወልዳል። ከማዕከሉ 4 ሜትር ርቆ የተጨመረ 1 ኪሎ፣ በፊት በኩል በ1 ሜትር ርቀት ላይ 4 ኪሎ ካልተደረገለት ሚዛኑ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ክብደቱ ከመጠን በላይ ወደ ኋላ የሄደበት አውሮፕላን ደግሞ አፍንጫው ሲነሣ አብራሪው መልሶ ሊያወርደው ያዳግተዋል።

ስለዚህ ጭራን ማጠንከር ማለት ማክበድ ማለት አይደለም። ጣራ የሚያዋቅር አናጢ በሁለት እንጨቶች መካከል ሰያፍ እንጨት የሚያስገባው፣ ሦስት ማዕዘን በቀላሉ ስለማይዛባ ነው። ቀላል አውሮፕላንም ጭራው በሰያፍ ዘንግ ወይም በተወጠረ ሽቦ ይደገፋል። ብሎን የሚገባበት ቦታ እንዳይሰነጠቅ ጫናውን የሚያሰፋ ተደራቢ ቆርቆሮ ይደረግለታል። የመሪው ማጠፊያ መላላቱ በየጊዜው ይፈተሻል፤ የላላ መሪ በፍጥነት ጊዜ መርገብገብ ከጀመረ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ጭራውን ሊገነጥለው ይችላልና። ግመሉን አስሮ ነው ወይስ ሳያስር በአላህ የሚመካው ብሎ የጠየቀውን ሰው ሐዲስ፣ ቲርሚዚ የዘገቡትን፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ብሎን ማጥበቅም ከዚያው ከማሰሩ ወገን ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1935 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ረዳቶች ጋር በአዲስ አበባ አንድ ቀላል አውሮፕላን ሠርቶ ነበር፤ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም «ፀሐይ» ተባለ። በዚያው ዓመት ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ወረረ። የጎጃም አርበኛ የኢጣሊያን አውሮፕላን ያወቀው ከላዩ ቦምብ ሲጥልበት ነው፤ አገር ውስጥ የተሠራችው ግን ተማርካ ወደ ኢጣሊያ ሄደች፤ በሙዚየምም ተቀመጠች። ለኢትዮጵያ በይፋ የተመለሰችው ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በእኛው ዘመን ደግሞ አቶ አስመላሽ ዘፈሩ ከመጻሕፍትና ከኢንተርኔት ተምረው፣ የቮልስዋገን መኪና ሞተር ገጥመው፣ በእናታቸው ስም መነሻ ፊደል የሰየሟትን የአንድ ሰው አውሮፕላን በ570 ቀናት ሠሩ። በ2007 ዓ.ም. ያደረጉት የመጀመሪያ ሙከራ አልተሳካም። ያን ጊዜ የሣቀ ሰው አልጠፋም።

ውድ አንባብያን፣ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ሣቅ ነው። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን በስድብ ስም መጥራት በአገራችን ሥር የሰደደ ነውር ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። በጎጃም በሽመናና በንግድ ያደሩት ሙስሊም አባቶቻችንም የዚህን ስድብ ምሬት ያውቁታል። የሚሰደብ ባለ እጅ ደግሞ ስሕተቱን ለሰው አይናገርም። ሙያውን ደብቆ ይይዛል፤ የወደቀበትን ምክንያትም ይዞት ይቀበራል። ልጁ ወይም ጎረቤቱ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ እንደገናም በዚያው ቦታ ይወድቃል።

እንግዲህ ለልጆቻችን ስለ ኢብን ፊርናስ ስንነግራቸው ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንንገራቸው። በረረ ብለን እንዳናቆም፤ ወደቀ እንበል፤ ለምን እንደ ወደቀም እንጨምር። ከሰፈራችን አንድ ወጣት ቆርቆሮና ሽቦ ሰብስቦ አንዳች ነገር ሲሞክር ብናይ፣ ከመሣቃችን በፊት ምን እንደ ጎደለው እንጠይቀው። ሲሳሳትም ስሕተቱን እንዲጽፈው እናግዘው። አል-መቀሪ ያቆዩት አንድ ዐረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ያስተምረናል፤ የእኛው ባለ እጆች ሳይጽፉት የቀሩትን ግን ማንም ሊያስተምረን አይችልም።

ወላሁ አዕለም።