«ጃጅተዋል» ከማለታችን በፊት

ወሎ ትዝታ ቅኝት የሆነበት አገር ነው። ከ4ቱ የዜማ ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲና አምባሰል ከዚህ ምድር ጋር ስማቸው የተሳሰረ ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት የአቡነ ኢየሱስ ሞአ የወንጌል መጽሐፍ ትውልድ ከትውልድ እየተቀባበለ ጠብቆታል። እንዲህ ማስታወስ በሚከበርበት አገር አንድ አዛውንት መርሳት ሲጀምሩ ግን «ዕድሜ ነው፤ ጃጅተዋል» ብለን እናልፋለን።

እስቲ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ሲያፈሉ የኖሩ አንዲት እናትን እናስብ። የልጆቻቸውን ስም አይስቱም፤ የጎረቤቱን ዘር ሁሉ ይቆጥራሉ። ረከቦቱን ካቀረቡ በኋላ ግን እጃቸው ይቆማል። ያልተቆላውን ቡና ሙቀጫ ውስጥ ይጨምራሉ፤ ጀበናውን ውኃ ሳያደርጉበት ይጥዳሉ። እርምጃቸው አጥሯል፤ ንግግራቸው ዘግይቷል፤ በትንሽ ነገር ሆድ ይብሳቸዋል። የጠፋባቸው ስም ሳይሆን የሥራው ቅደም ተከተል ነው። ከደም ሥር ጉዳት የሚመጣው የመርሳት ሕመም ብዙ ጊዜ በዚህ በር ይገባል።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ፣ ልብ ከምትረጨው ደም 15 በመቶ ገደማ ይወስዳል። ወደ ውስጠኛው ክፍል የሚገቡት የደም ሥሮች እንደ ፀጉር የቀጠኑ ናቸው። ደም ግፊት ለዓመታት ሲገፋቸው ግድግዳቸው ይደድራል፤ ውስጣቸው ይጠባል። ቦይ በደለል ሲሞላ መጀመሪያ የሚደርቀው ጫፍ ያለው ማሳ እንደሆነ ሁሉ፣ አንጎልም ከጥልቁ ይጎዳል። አንዳንዱ ሰው ስትሮክ መታው ሳይባል ትንንሽ ምቶች በዝምታ ያልፉበታል። ሌላው ደግሞ በአምባሰል እርከን ላይ እንደሚወርድ ሰው ነው፤ ጥቂት ጊዜ ደልዳላው ላይ ይቆያል፣ ከዚያ ድንገት አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል።

ይህን ለማወቅ ሕክምና ረጅም መንገድ ሄዷል። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1672 ባሳተመው መጽሐፍ፣ መጀመሪያ አእምሯቸው ፈዝዞ መርሳት ጀምረው ኋላ ሽባ የሆኑ ሕሙማንን ገልጾ ነበር። በ1890ዎቹ ጀርመን ውስጥ ኦቶ ቢንስዋንገርና አሎይስ አልዛይመር የደም ሥር መደደር አንጎልን እንዴት እንደሚያበላሽ አሳዩ። አልዛይመር ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ሕመም ለሙያ ባልደረቦቹ ያቀረበው ከዚያ በኋላ፣ በ1906 ነው። ያም ሆኖ የሽማግሌ መርሳት በአብዛኛው አንጎል ደም አጥቶ ቀስ በቀስ ከመታፈኑ እንደሚመጣ ለብዙ አሥርት ዓመታት ታመነ። በ1974 ቭላዲሚር ሃቺንስኪና ባልደረቦቹ ይህን እምነት አረሙት፤ የደም ሥር ችግር አእምሮን ሲያሳጣ በአብዛኛው በተደጋገሙ ምቶች የተነሣ ነው አሉ። ምት ደግሞ መከላከል ይቻላል።

ቀጣዩን ትልቅ ትምህርት የሰጡት አሜሪካውያን መነኮሳይያት ናቸው። 678 እኅቶች ከሞት በኋላ አንጎላቸው እንዲመረመር ፈቀዱ። በ1997 የወጣው ውጤት እንዳሳየው፣ የአልዛይመር ምልክት በአንጎላቸው ከተገኘባቸው መካከል በጥልቁ ክፍል ትንንሽ ምት የነበረባቸው ይበልጥ ለመርሳት ተዳርገዋል። ሁለቱ ሕመሞች እየተጋገዙ ያጠቃሉ ማለት ነው። በ2019 ደግሞ ከ9 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ይፋ ሆነ፤ የላይኛውን የደም ግፊት ከ140 በታች ከማድረግ ይልቅ ከ120 በታች ማውረድ፣ ለመርሳት በር የሚከፍተውን ቀላል የማሰብ መዳከም በ19 በመቶ ቀነሰ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ፕሮፌሰር ሬድዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው ከ60 ሺህ በላይ ሰው መዘገቡ፤ ያን ጊዜ ጎልቶ የወጣው የሚጥል በሽታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። ዛሬ የኢትዮጵያዊው አማካይ የሕይወት ዘመን ከ65 ዓመት አልፏል፤ ሽማግሌው ሲበዛ የሽማግሌ ሕመምም ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2015 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ጎልማሶች 16ቱ ገደማ ደም ግፊት እንዳለባቸው፣ በቀንም በአማካይ 8.3 ግራም ጨው እንደምንበላ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። ቡና በጨው ለሚጠጣበት የወሎ ገጠር ይህ ቁጥር ከሲኒው ጋር አብሮ መታየት አለበት።

በ2024 ሊቃውንት ለላንሴት የሕክምና መጽሔት ባዘጋጁት ዘገባ 14 ምክንያቶችን ቢቆጣጠሩ ከመርሳት ሕመም 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ጻፉ። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ትምባሆ፣ መጠጥ፣ ብቸኝነት፣ የተበከለ አየር፣ ሳይታከም የቀረ የዓይንና የጆሮ ድካም፣ የትምህርት ማነስም በዚያ ውስጥ አሉ። ብዙዎቹ ሐይቅም አምባሰልም ውስጥ በየቤቱ የምናውቃቸው ናቸው። በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የወሎ ጤና ተቋማት ሲዘረፉ የዕለት ኪኒናቸው የተቋረጠባቸውም የዚህ ታሪክ ክፍል ናቸው።

የሞተ የአንጎል ክፍል አይመለስም፤ ያልሞተው ግን ይጠበቃል። ስለዚህ ለገበያ ስትወጡ እናት አባታችሁን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ጎራ በሉ፤ ደም ግፊታቸው ይለካ። ኪኒና ከታዘዘላቸው «ተሽሎኛል» ብለው እንዳያቆሙት አደራ። በቡናቸው ላይ የሚጨመረውን ጨው ቀንሱላቸው። እጃቸው ረከቦቱ ላይ ቆሞ ስታዩ ደግሞ «ጃጅተዋል» አትበሉ፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው።