ከቃለ መጠይቅ በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ፦ የሬዚደንት ሐኪሞች ምደባ ታሪክ

በጉለሌ ክፍለ ከተማ በሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ዙሪያ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት፣ የቀን ሥራቸውን እንደጨረሱ ጸጥ ያለ ክፍልና የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ፍለጋ የሚቻኮሉ ወጣት ሐኪሞችን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ግዛቶች ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሚጀመር ቃለ መጠይቅ በዚያ ወቅት በአብዛኛው አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2020 በተከሰተው ወረርሽኝ ምክንያት ቃለ መጠይቁ በአመዛኙ በቪዲዮ መካሄድ ከጀመረ ወዲህ፣ አመልካቹ ከእንጦጦ ግርጌ ሳይነሣ ከአሥር ፕሮግራሞች ኃላፊዎች ጋር ሊነጋገር ይችላል።

ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ ግን ሌላ ጭንቀት ይጀምራል። አመልካቹ የሥልጠና ፕሮግራሞቹን በምርጫው ቅደም ተከተል ዘርዝሮ የሚያስገባው በየካቲት ማብቂያ ገደማ ነው፤ ፕሮግራሞቹም አመልካቾችን እንዲሁ በደረጃ ዘርዝረው ያስገባሉ። በመካከል ያሉት ሳምንታት ዝምታ የነገሠባቸው ናቸው። ቀደም ብለው የሄዱ ታላላቆች ምክር ጎልቶ የሚሰማውም በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው፦ «ዝም አትበል፤ ጻፍላቸው፤ ደውልላቸው፤ አንደኛ አድርጌ መርጫችኋለሁ በላቸው፤ አለዚያ ይረሱሃል።» ምክሩ በቅንነት የሚሰጥ ነው። በአንድ ወቅትም እውነት ነበር። እውነትነቱ መቼና ለምን እንዳበቃ ለመረዳት ግን የምደባውን ታሪክ መለስ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የነገሩ ጠባይ አዲስ አይሆንበትም። በቀድሞው ሥርዓት ሹመት ወይም ፍርድ ፈላጊ የሆነ ሰው በንጉሥ ወይም በመኳንንት ደጅ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት እየተመላለሰ ደጅ ይጠና ነበር። ጉዳዩ እውነት መሆኑ ብቻውን አይበቃውም፤ መታየት አለበት፤ እጅ መንሻና አማላጅም ያስፈልገዋል። ከቃለ መጠይቅ በኋላ የሚላከው ደብዳቤም በብዙ አመልካቾች አእምሮ ውስጥ ያለው በዚሁ መልክ ነው። የሚገርመው ግን በአሜሪካ የሐኪሞች ቅጥር ታሪክ መጀመሪያ ላይ ደጅ ጠኚዎቹ ሆስፒታሎቹ ራሳቸው የነበሩ መሆኑ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የኢንተርንነት ሥልጠና እየተስፋፋ ሲሄድ ሆስፒታሎች የሚፈልጉት የኢንተርን ቁጥር ከተመራቂዎቹ ቁጥር በለጠ። ኢንተርን በጥቂት ክፍያ ሌሊትና ቀን የሚሠራ በመሆኑ ተፈላጊነቱ ከፍተኛ ነበር። ስለዚህ አንዱ ሆስፒታል ከሌላው ቀድሞ ተማሪውን ለማስፈረም ይሽቀዳደም ጀመር። ባለፈው ዓመት በጥር የተፈረመው ውል በሚቀጥለው ዓመት በኅዳር፣ ከዚያም በነሐሴ ይፈረማል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ ውሉ ሥራው ከሚጀመርበት ጊዜ 2 ዓመት ያህል ቀድሞ የሚፈረምበት ደረጃ ተደረሰ። ይህም ማለት ተማሪው በሽተኛን በወጉ መመርመር ሳይለምድ፣ ሆስፒታሉም ተማሪው ምን ዓይነት ሐኪም እንደሚወጣው ሳያውቅ ይጫጩ ነበር ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1945 የሕክምና ትምህርት ቤቶች የተማሪዎቻቸውን ውጤትና የድጋፍ ደብዳቤ ከተወሰነ ቀን በፊት ለሆስፒታሎች ላለመስጠት ተስማሙ። ሽቅድምድሙ በዚህ ቆመ፤ በምትኩ ግን ሌላ ችግር ተወለደ። ጥሪ የደረሰው ተማሪ የተሻለ ጥሪ ይመጣልኝ ይሆናል ብሎ መልሱን ያዘገያል፤ ሆስፒታሉ ደግሞ እርሱን ሲጠብቅ ሌሎቹ ተማሪዎች በሌላ ቦታ ይያዙበታል። በመጀመሪያው ዓመት ለተማሪው የማሰቢያ ጊዜ ተብሎ የተሰጠው 10 ቀን ነበር። ይህ ጊዜ በየዓመቱ እያጠረ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1949 የ12 ሰዓት ገደብ ሲታሰብ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ማኅበር እርሱም በዝቷል ብሎ አልተቀበለውም። ቴሌግራምና ስልክ የአንድን ሐኪም ዕድሜ ልክ ሥራ በሰዓታት ውስጥ የሚወስኑ መሣሪያዎች ሆኑ።

መፍትሔ ሆኖ የቀረበው ሁለቱም ወገኖች ምርጫቸውን በቅደም ተከተል ጽፈው ለአንድ ማዕከል እንዲያስገቡና ማዕከሉ እንዲያጣምራቸው ነበር። ሙከራው ሲካሄድ ታዲያ አንድ እንከን ተገኘበት። በመጀመሪያው ረቂቅ ስሌት መሠረት፣ የማይደርስበትን ሆስፒታል አንደኛ ብሎ የጻፈ ተማሪ በሁለተኛው ምርጫው ላይ ያንን ሆስፒታል አንደኛ ብለው በጻፉ ሌሎች ተማሪዎች ሊቀደም ይችል ነበር። በሌላ አነጋገር እውነቱን የጻፈ ይጎዳል፤ ያሰላና የደበቀ ይጠቀማል። ይህን እንከን ያወጡትና በ1951 እ.ኤ.አ. የተቃወሙት ተማሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ፤ ከመሪዎቻቸውም አንዱ በዚያን ጊዜ የሃርቫርድ ሕክምና ትምህርት ቤት ተማሪ የነበረውና ኋላ በሕፃናት ቀዶ ሕክምና ስመ ጥር የሆነው ሃርዲ ሄንድረን ነው። ስሌቱ ተለወጠ። በ1952 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የመጀመሪያው ብሔራዊ ምደባ ከ10 ሺህ በላይ የኢንተርን ቦታዎችንና 6 ሺህ ያህል ተማሪዎችን ያካተተ ነበር። ኋላም ወደ ሬዚደንሲ ሥልጠና ተሸጋገረ።

የስሌቱ አሠራር ለመረዳት የሚያስቸግር አይደለም። አንዲት አመልካች በመጀመሪያ ምርጫዋ ትሞከራለች እንበል። ፕሮግራሙ በዝርዝሩ ካሰፈራትና ክፍት ቦታ ካለው ለጊዜው ይይዛታል፤ ቦታው ከሞላም በደረጃ የምትበልጠው ሰው ካለ እርሱ ይለቅና እርስዋ ትገባለች፤ የለቀቀው ሰው ወደሚቀጥለው ምርጫው ይሄዳል። በአንደኛ ምርጫዋ ካልተያዘች በሁለተኛው ትሞከራለች። እዚያ ስትደርስ ያንን ፕሮግራም አንደኛ ብለው ከጻፉት ጋር እኩል ናት፤ የሚለያቸው ፕሮግራሙ የሰጣቸው ደረጃ ብቻ ነው። የመጨረሻው ሰው የመጨረሻ ምርጫውን እስኪሞክር ድረስ ማንም በቋሚነት አልተያዘም። ስለዚህ ያልደረሱበትን መመኘት ዋጋ አያስከፍልም።

ዴቪድ ጌልና ሎይድ ሻፕሊ የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት በ1962 እ.ኤ.አ. ይህንኑ የማጣመር ዘዴ ስለ ኮሌጅ ቅበላና ስለ ጋብቻ በጻፉት አጭር ጽሑፍ ሲያቀርቡ፣ ሐኪሞች ከ10 ዓመት በፊት በተግባር ያዋሉት መሆኑን አያውቁም ነበር። ዝምድናውን በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳየው የኢኮኖሚ ሊቁ አልቪን ሮዝ ነው። የቀድሞው ስሌት ከፕሮግራሞቹ ምርጫ የሚነሣ በመሆኑ ለእነርሱ ያደላል የሚል ቅሬታ ሲበረታ፣ ከአመልካቾቹ ምርጫ የሚነሣ አዲስ ስሌት እንዲያዘጋጅ የተጠራውም እርሱ ነበር፤ አዲሱ ስሌት ከ1998ቱ ምደባ ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ልዩነቱ ሲጠና ውጤቱ የሚለወጥበት ከ1,000 አመልካቾች 1 ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ቢሆንም ሰው የሚያምነው ሥርዓት ማግኘት በራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ሻፕሊና ሮዝ በ2012 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

እንግዲህ ስሌቱ ደጅ ጥናትን ከጥቅም ውጭ ካደረገ ይህን ያህል ዘመን ካለፈ፣ የታላላቆቹ ምክር ከየት መጣ? መልሱ ሁለት ምንጭ አለው።

አንደኛው ከአገር ቤት ነው። በኢትዮጵያ አዲስ ተመራቂ ሐኪሞች ለረዥም ዓመታት ወደ ክልሎች የተመደቡት በዕጣ ነበር። ዕጣ በራሱ መንገድ ፍትሐዊ ነው፤ አማላጅ አይሰማም፤ ዳሩ ግን ምርጫንም አይሰማም። የስፔሻላይዜሽን ሥልጠናም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲጀመር ቦታው እጅግ ጥቂት ነበር፤ ለመግባትም ፈተና ማለፍ ብቻ ሳይሆን ከሚያሠራው መሥሪያ ቤት መልቀቂያና ድጋፍ ማግኘት ያስፈልግ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ራሱ በ1960ዎቹ መባቻ ድሆችን ለማከም ተመሥርቶ፣ በ2000 ዓ.ም. የሕክምና ትምህርት ቤት ሆኖ፣ ከዚያም ከሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የማህፀንና ጽንስ ሬዚደንሲ እስኪከፍት ድረስ ሠልጣኝ ተቀባይ ተቋማት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በቅርብ ዓመታት ጤና ሚኒስቴር በማዕከል በሚመራው የሬዚደንት ምደባ አመልካቾች ብሔራዊ ፈተና ተቀምጠው የሚፈልጉትን የሙያ ዘርፍና ተቋም በቅደም ተከተል መምረጥ ጀምረዋል፤ ክብደቱ ግን ከቃለ መጠይቅ ይልቅ በፈተና ውጤት ላይ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ የሚያውቀው ወይ ዕጣን፣ ወይ ፈተናን፣ ወይ በየቢሮው መመላለስን ነው። የደረጃ ዝርዝር ከሦስቱም ይለያል።

ሁለተኛውና ዋነኛው ምንጭ ግን አሜሪካ ውስጥ ነው። የውጭ አገር ተመራቂዎችን ብቃት የሚያረጋግጠው ድርጅት በ1956 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ በ1958 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ፈተና ከሰጠ በኋላ ከአፍሪካና ከእስያ የሚሄዱ ሐኪሞች በዚሁ ሥርዓት አልፈዋል። እነዚህ ሐኪሞች በምደባው ይሳተፉ እንጂ ሕጉ ለእነርሱና ለአሜሪካ ተማሪዎች አንድ አልነበረም። የአሜሪካ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ከምደባው ውጭ ውል መፈረም አይችልም። የውጭ ተመራቂ ግን ይችል ነበር። ፕሮግራሙ ቃለ መጠይቁን ከጨረሰ በኋላ በስልክ ጠርቶ «ቦታ አለን፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ፈርም» ሊለው ይችላል። ከፈረመ ከምደባው ይወጣል፤ ካልፈረመ እጁ ላይ ያለውን ጥሎ ያላየውን ይጠብቃል። በ1949 የነበረው የቴሌግራም ጭንቀት ለአሜሪካውያኑ ሲቀር፣ ለኢትዮጵያዊው፣ ለህንዳዊውና ለናይጄሪያዊው ሐኪም ተጨማሪ 60 ዓመት ያህል ዕድሜ አግኝቷል ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ደብዳቤ መጻፍ፣ መደወል፣ ዘመድ ካለ በዘመድ ማስታወስ በእርግጥ ዋጋ ነበረው። ኃላፊው ከምደባው ውጭ ሊሰጥ የሚችለው ቦታ በእጁ ነበርና።

ይህ በር የተዘጋው ከ2013ቱ እ.ኤ.አ. ምደባ ጀምሮ ነው። ከዚያ ዓመት አንሥቶ በምደባው የሚሳተፍ ፕሮግራም ቦታዎቹን ሁሉ በምደባው ውስጥ እንዲያስገባ ተደነገገ፤ ወይ ሁሉንም፣ ወይ ምንም። ታላላቆቹ የተቀጠሩት ከዚያ በፊት ነው። የሚመክሩትም ያለፉበትን ነው፤ ሊወቀሱ አይገባም።

አሁን ያለው ደንብ እንዲህ ነው። ሁለቱም ወገን በፈቃዱ መውደዱን ሊገልጽ ይችላል። ፕሮግራሙ ግን አመልካቹን «በስንተኛ ደረጃ አስቀመጥኸን?» ብሎ ሊጠይቀው፣ ሌላ የት እንዳመለከተ ወይም የት ቃለ መጠይቅ እንዳደረገ ሊመረምረው አይፈቀድለትም። በቃልም ሆነ በጽሑፍ የተነገረ የትኛውም ተስፋ አያስርም፤ የሚያስረው የገባው ዝርዝር ብቻ ነው። ብዙ ፕሮግራሞችም ከቃለ መጠይቅ በኋላ ምንም ዓይነት መልእክት እንደማይጽፉና እንደማይመልሱ አስቀድመው ያስታውቃሉ። ሐኪሞቹ በቀልድ «የፍቅር ደብዳቤ» የሚሉት መልእክት ግን ጨርሶ አልጠፋም። «በዝርዝራችን ከፍ ያለ ቦታ አለህ» የሚል ቃል የደረሳቸው አመልካቾች በዚያ ፕሮግራም ሳይመደቡ መቅረታቸውን በተመራቂዎች መካከል የተካሄዱ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። «ከፍ ያለ» የተባለው 5ኛ ይሁን 50ኛ የሚያውቀው ጸሐፊው ብቻ ነው። ባህላችን በትሕትናና በአክብሮት የተሞላ ንግግርን እንደ ቃል ኪዳን የመቀበል ዝንባሌ ስላለው፣ ኢትዮጵያዊ አመልካች በዚህ ረገድ ይበልጥ የተጋለጠ ይመስላል።

ጉዳቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሞቅ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ሐኪም ሦስተኛ ሊያደርገው ያሰበውን ፕሮግራም አንደኛ ያደርገዋል፤ ዝም ያለውን ያወርደዋል። ስሌቱ ደግሞ የተጻፈለትን ያከብራል፤ ሦስተኛ ፍላጎቱን አንደኛ ብሎ ከጻፈለት ሦስተኛ ፍላጎቱን ይሰጠዋል። ውጤቱ ሁለቱንም ወገን የሚያስር ስለሆነ በኋላ መጸጸት አይረዳም። ለሁለት ፕሮግራሞች «አንደኛዬ ናችሁ» ብሎ መጻፍም አለ። ይህ ስልት አይደለም፤ ውሸት ነው፤ የአንድ ሙያ ኃላፊዎችም እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ።

ለመጻፍ የሚያበቃ እውነተኛ ምክንያት ያለ እንደሆነ ግን ሌላ ነው። አጭር ምስጋና ነውር የለበትም። የፈተና ውጤት አዲስ ወጥቶ እንደሆነ ማሳወቅ ተገቢ ነው። ከሁሉ በላይ ለኢትዮጵያዊው የሚጠቅመው ጥያቄ ፕሮግራሙ የትኛውን ቪዛ እንደሚደግፍ መጠየቅ ነው፤ ብዙዎቹ የሚቀበሉት ጄ-1ን ብቻ ነውና።

የምደባው ውጤት በመጋቢት መጀመሪያ፣ ዓርብ ቀን፣ በአሜሪካ ምሥራቅ ሰዓት እኩለ ቀን ላይ ይገለጻል፤ በዚያን ሰዓት ጉለሌ ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። በጄ-1 ቪዛ የሚሄድ ሐኪም ከዚያ በኋላ የግድ የሚያስፈልገው አንድ ደብዳቤ አለ፤ የሚጻፈውም በአዲስ አበባ፣ በጤና ሚኒስቴር ነው። ደብዳቤው ኢትዮጵያ በዚያ ሙያ የሠለጠነ ባለሙያ እንደሚያስፈልጋትና ሐኪሙ ሥልጠናውን ሲጨርስ ወደ አገሩ ለመመለስ በጽሑፍ ማረጋገጫ እንደሰጠ የሚመሰክር ነው። በሕግ በተፈቀደ መንገድ ካልተነሣለት በቀር፣ ሠልጣኙ በአሜሪካ በቋሚነት ለመኖር ከመጠየቁ በፊት 2 ዓመት በአገሩ እንዲቆይ ይገደዳል።