በአይጥ ጉበት የሰፈሩ ደሴቶች

ነገሩ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1893 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ነው። እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ ውስጥ አንድ የ15 ዓመት ልጅ የስኳር በሽታ አመንምኖት ሆስፒታል ተኝቷል። ኢንሱሊን የሚባል መድኃኒት ገና አልታወቀም። ሐኪሙ ዋትሰን ዊሊያምስ ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወዲያው ከታረደ በግ ቆሽት አስመጣና ቆራርጦ ከልጁ ቆዳ ሥር አስቀበረው። ልጁ በሦስተኛው ቀን ሞተ።

«የፈረንጅ እብደት!» እንዳትሉ፤ አትፍረዱበት። ሐኪሙ ይህን ከሜዳ ተነስቶ አላደረገውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስትራስቡርግ ላይ አንድ ውሻ ያሳየው ነገር ነበር።

ስትራስቡርግ ያኔ በጀርመን እጅ ናት። በ1889 ዮሴፍ ፎን ሜሪንግና ኦስካር ሚንኮቭስኪ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች ስለ ስብ መፈጨት ክርክር ገጠሙ፤ ቆሽት ለዚህ የግድ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም? ሚንኮቭስኪ ቢላ ይዞ እጁ የማይርድ ሰው ነበርና የአንድ ውሻ ቆሽት ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ውሻውን በሕይወት አቆየው። ያ ውጭ መሽናት የለመደ ጨዋ ውሻ ከዚያ ወዲህ ወለሉን ያጥለቀልቀው ጀመር። ሽንቱ ቢመረመር ስኳር ሞልቶበታል። ሽንቱ ላይ ዝንብ ሲንጋጋ ታይቶ ነው ነገሩ የታወቀው የሚሉ አሉ። ለወሬ ያምራል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ሚንኮቭስኪ ሽንት ውስጥ ስኳር መፈለግን ከአለቃው ከናውኒን የተማረ ሰው ነው፤ የዝንብ ምስክርነት አያስፈልገውም ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ ቀጥሎ የሠራው ነው። ከሌላ ውሻ ቆሽት ቁራሽ ወስዶ ከዚያው ውሻ የሆድ ቆዳ ሥር ተከለና የቀረውን አወጣ። ስኳሩ አልመጣም። ኋላ ያቺን ቁራሽ ነቅሎ ሲያወጣ ግን በሽታው ከተፍ አለ። ይህን አያያዝ ልብ በሉት፤ እስከ ዛሬ የዚህ ሥራ ትልቁ ማስረጃ ይኸው ነው። ተከልኩ፣ ዳነ። ነቀልኩ፣ ታመመ። ዛሬም ተመራማሪዎች የትንሿን አይጥ ስኳር ለማስተካከል ሴሎቹን በአንዱ ኩላሊት ሽፋን ሥር ይተክላሉ፤ ስኳሩ ሲስተካከል ያንን ኩላሊት ያወጡታል። አይጧ በሌላው ኩላሊት ትኖራለች፤ ስኳሯ ግን ተመልሶ ይንራል። ያኔ «ሥራው የተከልናቸው ነው» ለማለት አፍ ይኖራቸዋል።

የብሪስቶሉ ልጅ ነገር ከዚህ የሚለየው የበግ ሥጋ መሆኑ ነው። የውሻው ቁራሽ ከገዛ ሥጋው የተወሰደ ነበር።

አሁን ወደ ሥጋው ውስጥ እንግባ። ቆሽት አብዛኛው ክፍሉ ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ ያመነጫል። በመሃል በመሃሉ ግን ከጠቅላላው አንድ ወይም ሁለት በመቶ የሚሆኑ፣ በዓይን የማይለዩ የሴል እጅቦች ተበትነውበታል። በርሊን ላይ ፓውል ላንገርሃንስ የተባለ ተማሪ በ1869 በመመረቂያ ጽሑፉ አሳያቸው፤ ሥራቸው ምን እንደሆነ ግን አላወቀም፤ ሳያውቅም ሞተ። የላንገርሃንስ ደሴቶች የተባሉት በኋላ ነው። ኢንሱሊን የሚመነጨው ከእነዚህ ነው። በ1921 ቶሮንቶ ላይ ኢንሱሊን ተገኘ፤ ታሪኩን ታውቁታላችሁ። መርፌው ሕይወት አተረፈ፤ ከዓመታት በኋላ ግን ዓይን ሲጠፋ፣ ኩላሊት ሲደክም ታየ። መርፌ ስኳሩን ደቂቃ በደቂቃ እያየ መጠኑን አይለውጥም፤ ደሴት ግን ይለውጣል። ስለዚህ ያ የድሮ ሐሳብ ተመልሶ መጣ፦ ደሴቶቹን ራሳቸውን ለቅመን ብንተክልስ?

ለቅመን! በአፍ ቀላል ነው። ሴንት ሉዊስ፣ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ፖል ሌሲ የሚባል የፓቶሎጂ ሊቅ ነበር። ሥጋን ከሥጋ የሚያያይዘውን ክር የሚያሟሟው ኮላጅኔዝ የተባለ ኢንዛይም ደሴቶችን ከቆሽት ለማላቀቅ እንደሚያገለግል በ1965 ሞስካሌቭስኪ አሳይቶ ነበር። የኮላጅኔዝ ነገር ግን ቆሽት የሚያሳርር ነው፤ ቶሎ ካወጡት ደሴቶቹ ከሥጋው አይላቀቁም፣ ካዘገዩት እነሱም አብረው ይሟሟሉ። ሌሲና ባልደረባው ሜሪ ኮስቲያኖቭስኪ በ1967 ዘዴ አመጡ፦ በትልቁ አይጥ (ከትንሿ አይጥ የተለየ ዝርያ ነው) የቆሽት ቦይ ፈሳሽ ወግተው ቆሽቱን መጀመሪያ አሳበጡት። ሲያብጥ ሥጋው ደሴቶቹን ይለቃቸዋል። ከዚያ መክተፍና በኢንዛይም መናጥ፣ በመጨረሻም በማይክሮስኮፕ እያዩ ምስር ከጠጠር እንደሚለቀም አንድ በአንድ መልቀም።

ይህ ልፋት ሰለቻቸውና በስኳር ውሃ ሊያንሳፍፏቸው ሞከሩ፤ ደሴትና ሌላው ሥጋ ክብደታቸው ስለሚለያይ ተደራርበው ይቀመጣሉ። ደሴቶቹ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሙሉ ናቸው። ስኳር ሲሰጧቸው ግን ዝም! ስኳር እንዲቆጣጠሩ የሚፈለጉትን ሴሎች ወፍራም የስኳር ውሃ ውስጥ ዘፍቆ ማደንዘዝ ይሏችኋል ይኸው ነው። ፊኮል የተባለ፣ ውሃቸውን የማይመጥጥ ሌላ ፈሳሽ በ1969 ተተክቶ ነው ነገሩ የተቃናው።

በ1972 ሌሲና ቀዶ ሐኪሙ ዋልተር ባሊንጀር ደሴቶቹን ስኳር በያዛቸው አይጦች ተከሉ። አይጦቹ ተሻላቸው፤ አልዳኑም። ቁጥሩ አንሶ ይሆን? ደሴቶቹ ተጎድተው ይሆን? መልሱን በዓመቱ በ1973 ቻርልስ ኬምፕ ከሌሲ ጋር ሆኖ አገኘው። ከ400 እስከ 600 የሚሆኑ ደሴቶችን ወሰደና በሦስት የተለያዩ ቦታዎች ሞከራቸው። ከቆዳ ሥር ሲሆን ምንም የለም። ሆድ ዕቃ ውስጥ ሲሆን ጥቂት መሻል። ከአንጀት ወደ ጉበት ደም በሚወስደው ሥር ወግቶ ጉበት ውስጥ ሲያሰፍራቸው ግን የአይጦቹ ስኳር በ24 ሰዓት ውስጥ ተስተካከለ። ቁጥሩ ያው፣ ሴሉ ያው፤ የተለየው ቦታው ብቻ ነው። ደሴቶቹ ከደሙ ጋር ይነዱና በጉበት ቀጫጭን ሥሮች ላይ ሲደርሱ አላሳልፍ ብሏቸው ይቀራሉ። በዙሪያቸው አዲስ የደም ሥር ይበቅላል። ጤነኛ ቆሽትም ቢሆን ኢንሱሊኑን መጀመሪያ የሚልከው ለጉበት ነው።

በዚያን ጊዜ የነበረውን ተስፋ አስቡት! በሽታው ሊያልቅለት ነው ተባለ። ግን እስቲ አይጦቹን እንጠይቃቸው፤ እናንተ ማን ናችሁ? አንደኛ፣ ወንድምና እኅት ለብዙ ትውልድ እየተዋለዱ የመጡ፣ እንደ መንታ የሚመሳሰሉ ነበሩ፤ የአንዱን ሥጋ የሌላው አካል እንደ ባዕድ አይቆጥረውም። ሁለተኛ፣ የታመሙት በመርዝ ነው። ስትሬፕቶዞቶሲን የሚባለው መድኃኒት ኢንሱሊን አመንጪዎቹን ሴሎች ገድሎ ከሰውነት ይወጣል። አዲሶቹን ደሴቶች የሚጠብቅ ጠላት የለም። በልጅነት የሚጀምረው የሰው ስኳር ግን ሌላ ነው፤ ገዳዩ የገዛ ሰውነት ዘበኛ ነው፤ ገድሎም አይሄድም። ስለዚህ አይጦቹ አልዋሹም፤ የተጠየቁት «የት እንትከል?» ነበር፤ እሱን መለሱ። «ይኖራሉ ወይ?» ብሎ የጠየቃቸው የለም።

ይህን ሚኔሶታ ያሉ ሰዎች በመረረ መንገድ አዩት። በ1980ዎቹ ጤነኛው መንታ ለታመመው መንታ ከቆሽቱ ቆርጦ ሰጠ። ሥጋው ያው ነው፤ ባዕድ የሚለው የለም። ነገር ግን ዘበኛው ኢንሱሊን አመንጪዎቹን ብቻ እየመረጠ ጨረሳቸው። ጃፓን ውስጥ በ1980 ይፋ የሆነችው ኖድ የተባለች ትንሽ አይጥም ስኳሯ ከራሷ ዘበኛ የሚመጣ ናት፤ ከዘመዷ የተወሰደ ደሴት ቢተከልባት እንኳ ያጠፋዋል።

ሌሲና ባልደረቦቹ አንድን ሰው ለጥቂት ሳምንታት ከመርፌ ያላቀቁት በ1990 ነው፤ ከአይጦቹ 17 ዓመት በኋላ። በ2000 ካናዳ ኤድመንተን ውስጥ ጄምስ ሻፒሮና ጓደኞቹ ሰባት ሰዎችን በሙሉ ከመርፌ አሳረፉ። ስኳር የሚጨምረውን ስቴሮይድ ትተው ሌሎች ዘበኛ አስታጋሽ መድኃኒቶችን ነው የሰጧቸው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ግን ከሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ ሟቾች ደሴት መሰብሰብ ነበረባቸው። ኋላ በዚሁ ዘዴ ከታከሙት ብዙ ሰዎች መካከል ግን በአምስት ዓመቱ ያለ መርፌ የቀረው አሥር በመቶ ገደማ ነበር።

ደሴት ከየት ይምጣ? የጃፓኖቹን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። የሂሮሚትሱ ናካውቺ ቡድን ቆሽት እንዳያበቅል በተደረገ የትልቁ አይጥ ፅንስ ውስጥ የትንሹን አይጥ ግንድ ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችል ሴል) ጨመረ። የተወለደው ትልቅ አይጥ ቆሽቱ የትንሹ አይጥ ነው! በ2010 በግልባጩ ሞክረውት ቆሽቱ የትንሿን አይጥ ልክ ብቻ ሆኖ ደሴት አነሳቸው። በ2017 ያሳተሙት ይህኛው ግን በቃቸው። መቶ ያህል ደሴት ለቅመው ስኳር በያዛቸው ትንንሽ አይጦች ተከሉ፤ ዘበኛ አስታጋሽ መድኃኒት ለመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ብቻ ሰጡ፤ ስኳሩ ከ370 ቀን በላይ ተስተካክሎ ቆየ። እኔም ሳነበው ብድግ አልኩ። ቀጥዬ ግን አይጦቹ በምን እንደታመሙ ፈለግኩ። በስትሬፕቶዞቶሲን! ደሴቶቹም የሥጋ ዘመዶቻቸው ናቸው።

በ2025 ደግሞ ከሰው ግንድ ሴል ላቦራቶሪ ውስጥ የተሠሩ ደሴቶች ከተሰጧቸው 12 ሰዎች አሥሩ በዓመቱ ያለ ኢንሱሊን መርፌ ይኖሩ እንደነበር ተዘገበ። ለእነዚህ ሟች መጠበቅ አላስፈለገም። ሴሎቹ የገቡት በዚያው ኬምፕ በአይጦቹ ላይ በመረጠው የጉበት ሥር ነው። ዘበኛውን የሚያስታግሰውን መድኃኒት ግን ሰዎቹ ሳያቋርጡ መውሰድ አለባቸው።