ማሃፑሩሻ ስሪማንታ ሻንካራዴቫ ዩኒቨርሲቲ

ማሃፑሩሻ ስሪማንታ ሻንካራዴቫ ዩኒቨርሲቲ በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ በአሳም ክልል፣ በናጋኦን የሚገኝ የግል ዩኒቨርሲቲ ነው። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ የክልሉ ሕግ ሲሆን፣ መሥራቹ ስሪማንታ ሻንካራዴቫ ሳንጋ የተባለው ሃይማኖታዊና ማኅበራዊ ድርጅት ነው። በጓሃቲ ከተማ የሚገኘውና በ2007 ሕግ የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲም በዚሁ በስሪማንታ ሻንካራዴቫ (ሻንካርዴቭ) ስም ስለሚጠራ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። የታላላቅ ሰዎችን ስም የያዙ ዩኒቨርሲቲዎች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም ስሙ መታሰቢያ ከመሆን አያልፍም። የናጋኦኑ ግን ከዚህ ይለያል። ሻንካርዴቭ ቅዱስና ባለቅኔ ብቻ ሳይሆን ዕውቀትን ወደ ሕዝብ የሚያደርሱ ተቋማትን የተከለ ሰው ስለ ነበር፣ ስሙን የወሰደ ዩኒቨርሲቲ የሥራውንም አደራ አብሮ ተቀብሏል።

ለዚህ የመጀመሪያው ማስረጃ የሻንካርዴቭ ሕይወት ነው። በትውፊት እንደሚነገረው በ1449 በዛሬው የናጋኦን አውራጃ፣ በቦርዶዋ፣ ባሮ ቡያን ከሚባሉት ባላባቶች ወገን ተወለደ፤ በማሄንድራ ካንዳሊ ዘንድ ሳንስክሪት ተማረ። በዚያ ዘመን ቅዱሳት መጻሕፍት በሳንስክሪት ተጽፈው በጥቂት ካህናትና ሊቃውንት እጅ ነበሩ። እርሱ ከእነዚሁ መጻሕፍት አንዱ የሆነውን የባጋቫታ ፑራናን ብዙ ክፍሎች ሕዝቡ በሚሰማው በአሳምኛ ግጥም አቀረበ፤ ፊደል ላልቆጠረው ደግሞ ትምህርቱን በዜማና በተውኔት አደረሰ። ስድስት ተውኔቶቹ እስከ ዛሬ አሉ። ያስተማረው መንገድ ለአንድ አምላክ ብቻ መገዛትና ስሙን በኅብረት መጥራት ሲሆን፣ በዚህ ጉባኤ ዝቅ ተደርገው የሚታዩ ወገኖችም ተቀባይነት አገኙ። ከእንቅስቃሴው የወጣው ናምጋር የተባለው አዳራሽ ለመንደሩ የጸሎት ቤት፣ የተውኔት መድረክና የመመካከሪያ ሸንጎ ሆነ። ሳትራ በሚባሉት ገዳማት ተጠብቆ የቆየው የሳትሪያ ውዝዋዜም በ2000 ከሕንድ ክላሲካል ውዝዋዜዎች አንዱ ሆኖ ዕውቅና አግኝቷል። ይህ ሁሉ በቀላሉ አልተገኘም፤ በአሆም መንግሥት ስደት ደርሶበት አማቹ ሃሪ በሞት ተቀጣ፤ እርሱም ወደ ኮች ግዛት ተሻግሮ በንጉሥ ናራናራያን ጥበቃ ሥር ሠራ፤ በ1568ም በዚያው አረፈ።

ሁለተኛው ማስረጃ የመሥራቹ ድርጅት ታሪክ ነው። ከሻንካርዴቭ ሞት በኋላ ተከታዮቹ በልዩ ልዩ ቅርንጫፎች ተከፋፈሉ፤ እርሱ ሊያለዝበው የሞከረው የዘር ደረጃ ልዩነትም በአንዳንድ ሳትራዎች ተመልሶ ሥር ሰደደ። ሳንጋ በ1930 በናጋኦን ሲመሠረት የተነሣው ይህን ልዩነት ተቃውሞ፣ የመምህሩን የእኩልነት ትምህርት ለመመለስ ነው። እንዲህ ያለ ድርጅት በመጨረሻ ዩኒቨርሲቲ ማቋቋሙ ከጅምሩ የያዘው መንገድ ውጤት ነው፤ ልዩነትን በስብከት የተቃወመ ማኅበር ልዩነቱን የሚያጠብበውን ትምህርት ራሱ ለማቅረብ ተነሣ።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ ግን አለ፤ በቅዱስ ሰው ስም የተጠራና በተከታዮቹ የተቋቋመ ዩኒቨርሲቲ ምርምርን ወደ ውዳሴ ሊለውጥ ይችላል የሚል። ስጋቱ መሠረት አለው። ስለ ሻንካርዴቭ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የመጣው ከሞቱ በኋላ ተከታዮቹ ከጻፏቸው ገድሎች ነው። በትውፊቱ ቁጥር ከሄድን 119 ዓመት ኖሯል፤ አንዳንድ ተመራማሪዎችም በዚህ ምክንያት የልደቱን ዓመት ይጠራጠራሉ። ይሁን እንጂ መልሱ ስሙን መተው አይደለም። ገድሎቹን ከነገሥታቱ ዜና መዋዕልና ከሌሎች ምንጮች ጋር አስተያይቶ መመርመር የዩኒቨርሲቲ እንጂ የጸሎት ቤት ሥራ አይደለም። ሻንካርዴቭ ራሱ በካህናት እጅ የነበረውን ዕውቀት ለሕዝብ ከከፈተ፣ በስሙ የቆመ ተቋም የእርሱን ታሪክ ከጥያቄ ቢከልል የመምህሩን ትምህርት ይቃረናል።

ሌላው ተቃውሞ ከገንዘብ ጋር የተያያዘ ነው። የግል ዩኒቨርሲቲ በአብዛኛው በተማሪ ክፍያ ስለሚተዳደር፣ ለድኻው በሩን የከፈተ ሰው ስም ከክፍያ ጋር አይስማማም ይባላል። ይህም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን ከአሳሙ የብራህማፑትራ ሸለቆ ውጭ ሄዶ ለመማር አቅም የሌለው ወጣት ብዙ በሆነበት አገር፣ በትንሽ ከተማ የቆመ ዩኒቨርሲቲ ርቀቱንና የኑሮ ወጪውን ይቀንሳል። ክፍያው ስሙን ሐሰት የሚያደርገው አቅም የሌላቸውን ከበር ሲመልስ ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው የሚመዘንበት መለኪያ በስሙ ውስጥ ተቀምጧል፤ ለማን ይከፈታል? በየትኛው ቋንቋ ያስተምራል? የናምጋሩን ኪነ ጥበብ ከዘመናዊው ሳይንስ እኩል ያከብራል? ለእነዚህ ጥያቄዎች በሥራ መልስ እስከ ሰጠ ድረስ፣ ዩኒቨርሲቲው የሻንካርዴቭን ስም በሚገባ የያዘ የተሐድሶው ወራሽ ነው።