ኪራይ በአፍ፣ ኪራይ በወረቀት

ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን «የት ጠፋህ?» ላላችሁኝ፦ ቤት እየቀየርኩ ነበር። ሥራዬ ወደ ጋምቤላ ከተማ ከተዛወረ ሁለት ዓመት ሆነው። የከተማውን ኪራይ ግን ደመወዜ አልቻለውም፤ ስለዚህ ኢታንግ እያደርኩ በጠዋቱ ሚኒባስ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ እመላለሳለሁ። በቀደም አከራዬ መጥተው «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ 4000 ብር» አሉኝ። 2500 ነበር እኮ! «ውላችን…» ብል «የምን ውል?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የተስማማነው ቡና እየጠጣን፣ በአፍ ነው።

ፍራሼን ባጃጅ ላይ ስጭን ያገዘኝ የድሮ ተማሪዬ «መምህር፣ የምኒልክን ውል አስተምረውን እርስዎ ያለ ወረቀት ተከራዩ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ያስተማርኳችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ለሌሎቻችሁ ልድገመው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የሱዳንን ወሰን ሲዋዋሉ፣ አራተኛው አንቀጽ ስለ ኪራይ ነበር። ቦታው በባሮ ወንዝ ላይ፣ በኢታንግ አቅራቢያ ይላል። አዎ፣ ይኸው የእኛው ኢታንግ! ስፋቱ ከ400 ሄክታር (በድሮው ልክ 10 ጋሻ) እንዳይበልጥ፣ የወንዝ ዳሩ ከ2000 ሜትር እንዳያልፍ፣ ለንግድ እንጂ ለፖለቲካም ለጦርም እንዳይውል ተጻፈ። ተከራዩ የሱዳን መንግሥት ነው። እስከ መቼ? ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ።

በመጨረሻ የንግድ ጣቢያው የተተከለው ከኢታንግ ወደ ላይ፣ ጋምቤላ ላይ ነው። ክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነስተው በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል ይመጣሉ። ጨውና ጨርቅ ያራግፋሉ፤ ከጎሬ በኩል በበቅሎ የወረደውን ቡና፣ ሰምና ቆዳ ጭነው ይመለሳሉ። በጋ ሲሆን ውሃው ይጎድላል፤ ወደቡም ጭር ይላል። ከባሕር ለራቀው ምዕራብ ኢትዮጵያ ባሕሩ ባሮ ነበር ማለት ይቻላል።

ታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ሱዳን ነፃ ወጣች። ውሉ ላይ የተጻፈው ቀን ደረሰ ማለት ነው። ጥቅምት 1949 ጋምቤላ ያለ ጦርነት ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች። የወረቀት ጥቅሙ ይሄ ነው።

ብቻ ክፍል ውስጥ ያላነሳሁላችሁን አንድ ነገር ዛሬ ላንሳ። ቦታው ባዶ አልነበረም። አኙዋክ በባሮ ዳር ያርስ፣ ዓሣ ያጠምድ ነበር፤ ኑዌርም ከብቱን ያጠጣ ነበር። ውሉ ላይ ግን የእነሱ ስም የለም። ሁለት መንግሥታት በሰው ደጅ ተዋዋሉ። ወረቀት የሚጠብቀው ስሙ የሰፈረበትን ነው። ይሄን ሳልነግራችሁ «ጥሩ ውል» ብዬ ማለፌ ይቆጨኛል።

ዛሬ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል። እኔም አዲሷ አከራዬ ዘንድ ወረቀት ይዤ ሄድኩ። የአኙዋክ እናት ናቸው። «አላመንከኝም እንዴ?» አሉኝ። «ለእርስዎም ነው፣ እማማ» አልኳቸው። ልጃቸውን ጠርተው ሁለት ጊዜ አስነበቡት፤ «ስሜ የቱ ጋ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ልጁ በጣቱ አሳያቸው፤ ከዚያ ፈረሙ።

ልጆቼ፣ የምትከራዩም የምታከራዩም፣ ቡናውን ጠጡ፤ ወረቀቱንም ጻፉ።