ድብቅ ኮሚሽን በድርጅቶች የንብረት ግብይት

ድብቅ ኮሚሽን የገዥ ወይም የተከራይ ድርጅት ወኪል፣ ወካዩ ሳያውቅ ከሌላው ወገን የሚቀበለው ክፍያ ነው። በወረቀት ላይ «የድለላ» ወይም «የማማከር ክፍያ» እየተባለ ስለሚሰፍር፣ ሰነዱን ብቻ አይቶ ከእጅ መንሻ መለየት ያስቸግራል።

ኮሚሽን መጋራት በራሱ ጥፋት አይደለም። በአሜሪካ የቢሮ ኪራይ ገበያ የተከራዩን ደላላ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው አከራዩ ነው፤ የሁለቱ ወገን ደላሎችም ኮሚሽኑን ይካፈላሉ። አዲስ አበባም ደላላ ከሻጭና ከገዥ ቢቀበል የሚገርመው የለም፤ ሁለቱም ያውቁታል። ነውሩ መደበቁ ላይ ነው። በ1974 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጣው የአሜሪካ ሕግ በመኖሪያ ቤት ብድር ዙሪያ ደንበኛ በመላክ የሚገኝ ጉርሻን ይከለክላል፤ ለንግድ ሥራ የሚወሰድ ብድርን ግን አይመለከትም። ስለዚህ ድርጅቶች የሚተማመኑት በወኪል የታማኝነት ግዴታና በብዙ ክፍለ ግዛቶች ባለው የንግድ ጉቦ ሕግ ነው።

ጉዳዩን አጥርቶ የሚያሳየው ብሪታንያ ውስጥ ለክርክር የበቃው የሞንቴ ካርሎ ግራንድ ሆቴል ሽያጭ ነው። በ2004 መጨረሻ የባለሀብቶች ጥምረት ሆቴሉን የያዘውን ኩባንያ በ211.5 ሚሊዮን ዩሮ ገዛ። ዋጋውን የተደራደረላቸው ሴዳር ካፒታል ፓርትነርስ ሲሆን፣ ይኸው ወኪል ከሻጩ ጋር በተዋዋለው ሌላ ውል 10 ሚሊዮን ዩሮ ተቀበለ። ገዥዎቹ ሁሉን አውቀው ፈቅደው እንደነበር ማስረዳት አልቻለም። ለእኔ ክብደቱ ያለው እዚህ ነው፤ ሻጩ 10 ሚሊዮኑን ለወኪሉ ባይከፍል ኖሮ ሆቴሉን በዚያው ልክ አርክሶ ሊሸጥ ይችል ነበር። የተከፈለው ከገዥዎቹ ገንዘብ ነው ማለት ይቻላል።

የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሐምሌ 2014 ሰባት ዳኞች ተሰይመው በአንድ ድምፅ ፈረዱ፤ ወኪሉ ገንዘቡን የያዘው ለወካዮቹ በአደራ ነው። ከ1890 ጀምሮ የነበረው፣ ሊስተር በተባለ የእንግሊዝ ጉዳይ የተሰጠው ፍርድ ግን ወካዩን ተራ ዕዳ ጠያቂ ያደርገው ነበር። ልዩነቱ ወኪሉ ሲከስር ይታያል፦ ዕዳ ጠያቂ ከሌሎች አበዳሪዎች ጋር ይሰለፋል፤ የአደራ ባለቤት ግን የራሱን ይወስዳል። ገንዘቡ ንብረት ተገዝቶበት ከሆነም ንብረቱን መከተል ይችላል። ቀደም ሲል በ1993፣ ለንደን ያለው ይግባኝ ሰሚ ፕሪቪ ካውንስል፣ አንድ የሆንግ ኮንግ ዐቃቤ ሕግ በተቀበለው ጉቦ ኒው ዚላንድ ውስጥ የተገዙ ሦስት ቤቶችን በዚሁ መንገድ ለአሠሪው መንግሥት የተያዙ አደራ አድርጓቸዋል።